ውርስ የሚሻገርበት መንገድ፦ ከገዳሪፍ ሜዳ እስከ በረዶው አገር

ከሰሜንና ከጎንደር ተራሮች የሚነሣው ውሃ ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ጓንግ በመተማ በኩል አልፎ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። ሽንፋ ረሃድ ይሆናል፤ ተከዜም ሰቲት የሚል ስም ያወጣል። ሰውም የውሃውን አካሄድ ሲከተል ኖሯል። ነጋዴው፣ ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ስደተኛውና ዘማቹ በየዘመናቸው በመተማና በጋላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ ወርደዋል፤ በዚያው መንገድም ወጥተዋል። ሰሊጥና ማሽላ የሚታፈስበት ያ ጥቁር መሬት ለሁለቱም ወገን እንጀራ ነው። ሁለቱም ልጆቻቸውን የቀበሩበትም ነው።

በረዶ በዓይኑ አይቶ በማያውቅ በዚህ ቆላ ተቀምጦ ስለ ክረምት ኦሊምፒክ ማሰብ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ጥያቄው ግን የእኛም ነው። ከአምስት ሚሊዮን ብዙ የማይዘል ሕዝብ ያላት ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ 39 ሜዳሊያ ሰበሰበች፤ ከአራት ዓመት በኋላም ቤጂንግ ላይ 16 ወርቅ ወሰደች። መላው አፍሪካ በዚያ መድረክ በቤጂንጉ ውድድር ማብቂያም አንድ ሜዳሊያ አልነበረውም። ፈጣኑ መልስ «እነሱ በረዶ አላቸው፣ እኛ የለንም» የሚለው ነው። እውነት አለበት፤ ግን ሙሉ አይደለም። በረዶ የሚጥልባቸው አገሮች ሁሉ ኖርዌይን አልሆኑም። ከፍታ ያላቸው አገሮችም ሁሉ አበበ ቢቂላንና ደራርቱ ቱሉን አላወጡም። ተፈጥሮ በር ይከፍታል፤ በበሩ የሚያሳልፈው ግን አንዱ ትውልድ ለሌላው የሚያስረክበው ዕውቀት፣ ሥርዓትና ትዕግሥት ነው። አንዱ ሕዝብ በአንድ ነገር ሲልቅ የምናየው የደም ልዩነት ሳይሆን ያልተቋረጠ ርክክብ ነው። የገዳሪፍና የመተማ መንገድ ደግሞ ርክክብ እንዴት እንደሚጀመርና እንዴት እንደሚቋረጥ ከማንም በላይ ያስተምራል።

ከሩቁ እንጀምር። በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት ኢትዮጵያ ሱዳን ውስጥ በመህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች፣ የጋላባቱን ጨምሮ፣ በግዛቷ በኩል እንዲወጡ ረዳች። እንግሊዝ ግን ዞር ብላ ጣልያን ምጽዋን ስትይዝ ዝም አለች። ኢትዮጵያ ለሌሎች ጥቅም ስትል ከጎረቤቷ ጋር ደም ተቃባች። በ1880 ዓ.ም. የመህዲስቶች ጦር ጎንደርን አቃጠለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ለጦር አዛዡ ለሐምዳን አቡ አንጃ የሰላም መልእክት ላኩ። ፍሬ ነገሩ የሁለታችንም ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነው፤ እርስ በርስ መተላለቃችን ይቅር የሚል ነበር። መልእክቱ ተቀባይ አላገኘም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። ዓሥር ዓመት ሳይሞላ የመህዲስቶቹም መንግሥት ካረሪ ላይ በእንግሊዝ መድፍ ወደቀ። ሁለቱ ጎረቤታሞች የየራሳቸውን ጀግንነት አስመዘገቡ፤ ትርፉ ግን የሦስተኛው ወገን ሆነ።

ይህ ትምህርት ቶሎ ተዘነጋ። ግንቦት 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ ወሰኑን በወረቀት አሰመሩት፤ መተማና ጋላባትም ፊት ለፊት የሚተያዩ የሁለት አገር ከተሞች ሆነው ቀሩ። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ በብርጋዴር ስሊም የሚመራ የህንድ ብርጌድ ጣልያንን ከጋላባት ለማስለቀቅ ተዋጋ፤ መተማን ግን መያዝ አልቻለም። በዚያው ዓመት በጥር ወር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ ከአርበኞቹ ጋር ሱዳናውያን ወታደሮችም አብረው ነበሩ። ያ ድንበር በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ መቃብርም የነጻነት በርም ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ምዕራፍ ከሁሉም ይልቅ ሊታወስ የሚገባው፣ ከሁሉም ይልቅ የተረሳው ነው። የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ተካሄደ። ከመሥራቾቹ መካከል ከኢትዮጵያ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ከሱዳን ሐኪሙ ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። የቀሩት ሦስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ግብፅ ሱዳንን ረትታ፣ በፍጻሜው ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ሱዳን ነጻነቷን ካወጀች ገና አንድ ዓመቷ ነበር። አፍሪካ በአብዛኛው በቅኝ ግዛት ሥር ሳለች እነዚህ ሰዎች አህጉራዊ ተቋም አቆሙ፤ ዘረኝነትንም ገና ከመነሻው በሩን ዘጉበት።

ኢትዮጵያ ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን አነሣች። ሱዳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ካርቱም ላይ ጋናን አሸንፋ ነገሠች። ይድነቃቸውና አብደል ሐሊም እየተፈራረቁ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም አገሮች ያን ዋንጫ ዳግም አላገኙም። ኢትዮጵያ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆየች፤ የተመለሰችውም ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን ራሷን በደርሶ መልስ ተገናኝታ፣ በውጭ ሜዳ ባገባችው ጎል በልጣ ነው። ቤቱን የሠሩት ሁለቱ ጎረቤታሞች ከቤቱ ደጅ ላይ ለመግባት የሚጋፉ ሆኑ። ተጫዋች ስላልተወለደ አይደለም። ክለብ ያሠለጥን የነበረው፣ ትምህርት ቤት ያወዳድር የነበረው፣ ታላቁ ለታናሹ ያሳይ የነበረው ሰንሰለት ስለተበጠሰ ነው።

በሩጫ ግን ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ጳጉሜ 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ከበስተጀርባው ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበር። የበረዶ አገር ሰው የሥልጠና ሥርዓቱን ይዞ ወደ ደጋችን መጣ፤ የኛ ሰው ያን ተቀብሎ ከራሱ ጉልበትና ጽናት ጋር አዋሐደው። ከአበበ ማሞ ወልዴ ተረከበ፤ ከእነሱ ምሩፅ ይፍጠር፤ ቀጥሎ ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ። አርሲ ውስጥ ያለችው በቆጂ እነ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው ከፍታ ስላላት ብቻ አይደለም። ስንታየሁ እሸቱን የመሰለ አሠልጣኝ ጠዋት ጠዋት ከልጆች ጋር ሜዳ ይወርድ ስለነበረም ነው።

ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ሲጠቀልሉ፣ በ800 ሜትር ኢስማኢል አህመድ ኢስማኢል ለሱዳን የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አመጣ። ከኬንያዊው ዊልፍሬድ ቡንጌይ የለየው የሰከንድ መቶኛ አምስቱ ብቻ ነበር። ያሠለጠነው ጃማ አደን ደግሞ የሶማሊያ ተወላጅ ነው። እዚህም ዕውቀት ድንበር ተሻግሮ ነው ፍሬ የሰጠው።

ሙዚቃውም እንዲሁ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ተወልዶ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ የኛን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አጋባቸው፤ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ። በዓመቱ ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጣ፤ ሙላቱም አብሮት ሠራ። በዚያው ዘመን ኦምዱርማን ውስጥ ሸርሐቢል አህመድ ጊታሩንና የነሐስ መሣሪያዎቹን ይዞ የሱዳን ጃዝ ንጉሥ ተብሎ ነበር። ባለቤቱ ዘኪያ አቡ በክር ከእርሱ ጋር መድረክ ላይ ጊታር ትጫወት ነበር። የካርቱሙም የአዲስ አበባውም አድማጭ ከአሜሪካ የመጣውን ድምፅ የተቀበለው በራሱ ጆሮ ለክቶ ነው። መለኪያውም ቅርብ ለቅርብ ነበር። የመካከለኛው ሱዳን ዘፈን በአምስት ድምፅ ይሄዳል፤ የእኛም ትዝታ በአምስት ድምፅ። መሐመድ ወርዲን ወይም ሰይድ ኸሊፋን የሰማ ጎንደሬ ቃሉ ባይገባው ዜማው ይገባዋል። ጥላሁን ገሠሠን ወይም አስቴር አወቀን የሰማ የገዳሪፍ ሰውም አንገቱ አብሮ ይወዛወዛል።

ከዚያ ብርሃን በኋላ ጨለማው በሁለቱም ወገን ተከታትሎ ወረደ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የምሽት ክለቦቹን ዘጋ፤ ባንዶቹ ተበተኑ። ካርቱም ላይ እ.ኤ.አ. በ1983 የታወጁት ሕጎች፣ ቀጥሎም የ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት የሙዚቃውን መድረክ አጠበቡት፤ ወርዲም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ከዓመታት በኋላ የኛን የሸክላ ዘፈኖች ሰብስቦ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ለዓለም ያቀረበው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። የሸርሐቢልን ሥራዎች ዳግም ያሳተመው የበርሊን ድርጅት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። እኛ ግን የራሳችንን ድምፅ ጠብቀን ለልጆቻችን ማስተላለፍ አቅቶን ከሌላው እጅ መልሰን ስንገዛው፣ የጎደለን ተሰጥኦ እንዳልሆነ ማየት አለብን። የጎደለን ግምጃ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ጠባቂው ነው።

በእነዚያው ዓመታት የመተማ መንገድ በስደተኛ ተሞላ። ከቀይ ሽብር የሸሸው ወጣት፣ ከጦርነትና ከ1977ቱ ረኃብ የተረፈው ገበሬ ገዳሪፍ ገባ። ኡም ራኩባ የተባለው የስደተኞች ጣቢያ በዚያ ዘመን ስሙ የብዙ ቤተሰብ ትዝታ ሆነ። ቤተ እስራኤላውያን በኡም ራኩባና በገዳሪፍ ዙሪያ እየሞቱ ቆይተው በ1977 ዓ.ም. በድብቅ በአውሮፕላን የተወሰዱት ከዚያ ነው። ሌሎችም ከሱዳን ጣቢያዎች ተነሥተው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ ስካንዲኔቪያ ሄዱ። የቆላው ስደተኛ የበረዶ አገር ነዋሪ ሆነ፤ ልጆቹም በረዶ ላይ አደጉ።

የእኛ አካባቢ ስም በክረምት ኦሊምፒክ የተጻፈው ከአገር ውጪ ባደጉ ልጆች እጅ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ተወዳደረ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደገመው። ከጦርነት ከሸሹ ኤርትራውያን ወላጆች ካናዳ ውስጥ የተወለደው ሻነን አበዳ ደግሞ በ2018 እና በ2022 ለኤርትራ ቁልቁል ተንሸራተተ። ሜዳሊያው ሩቅ ነበር። የእነርሱ ተሳትፎ ግን ስለ ጥያቄያችን ትልቅ ምስክር ነው። ሐበሻን ከበረዶ የሚከለክለው ደም የለም፤ ሜዳውና አስተማሪው በተገኘበት ልጁ ይማራል። ከእነርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት መጨረሻ ሆኖ ሲገባ፣ የወርቁ ባለቤት ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴህሊ መስመሩ ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። ያ ታላቅ ስፖርተኛ አንድ ሰው ያለ ውርስ ብቻውን ሲጀምር ምን ያህል እንደሚከብደው ያወቀ ይመስላል።

የኖርዌይን ውርስ ብንመረምር ሥሩ ጥልቅ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሁለት ተዋጊዎች ሕፃኑን ልዑል ሆኮንን በበረዶ ሸርተቴ ተራራ አሻግረው አዳኑት ይባላል፤ ለዚያ መታሰቢያ የተቋቋመው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1932 ተጀምሯል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሶንድረ ኑርሃይም የተባለ የሞርጌዳል ድሃ ገበሬ ሸርተቴውን አሻሽሎ ለትውልድ አወረሰ። ዛሬም የስፖርት ሥርዓታቸው ለልጆች ጥንቁቅ ነው። 13 ዓመት ያልሞላው ልጅ በብሔራዊ ሻምፒዮና አይወዳደርም፤ በየሰፈሩ ክለብ ከጓደኞቹ ጋር እየተጫወተ ያድጋል። የሚቸኩሉት ልጁ እንዲያሸንፍ ሳይሆን ስፖርቱን እንዲወድ ነው። ሜዳሊያው በኋላ ይመጣል።

ቻይና ደግሞ ርክክብ እንደ አዲስ ሊጀመር እንደሚችል ታሳያለች። ወደ ክረምት ኦሊምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ያኔ ባዶ እጇን ተመለሰች። የመጀመሪያውን ሜዳሊያ ያገኘችው በ1992፣ የመጀመሪያውን ወርቅ ደግሞ ያንግ ያንግ በ2002 አመጣችላት። ሃያ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። በ2022 በራሷ ከተማ 9 ወርቅ አነሣች። ቻይናውያን ከጥንት ሊቆቻቸው የወረሱት ብሂል አለ፤ ዛፍ ለማብቀል አሥር ዓመት፣ ሰው ለማነጽ ግን መቶ ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ጠብታ ውሃ ድንጋይ እንደሚበሳም ይናገራሉ። የእኛም አባቶች ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ምሳሌው በየቤታችን አለ፤ ልዩነቱ ምሳሌውን በጀትና ተቋም አድርጎ በማቆየቱ ላይ ነው።

ቻይናውያን ስለ ማድመጥም ጥንታዊ ታሪክ አላቸው። ቦያ የተባለ የክር መሣሪያ ደርዳሪ ነበር። ተራራን አስቦ ሲደረድር ጓደኛው ዦንግ ዚቺ ተራራውን ይሰማል፤ ወንዝን አስቦ ሲደረድር ወንዙን ይሰማል። ዚቺ ሲሞት ቦያ የመሣሪያውን ክር በጥሶ ዳግም አልደረደረም። ከተራራውና ከወንዙ የተነሣው ያ አባባል ዛሬም የልብን ዜማ የሚያደምጥ ወዳጅ ሲወሳ ይነሣል። የቻይና ጥንታዊ ሙዚቃም እንደ ትዝታና እንደ ሱዳን ዜማ በአምስት ድምፅ የተመሠረተ ነው። እንግዲህ እኛና ሱዳናውያን ለዘመናት አንዳችን የሌላችን አድማጭ ነበርን። በፖለቲካው መድረክ ባለመስማማታችን ስንጎዳ፣ በሙዚቃው በኩል ግን አንዱ ለሌላው ጆሮ ነፍጎ አያውቅም።

ዛሬ ደግሞ ታሪክ ተራውን ቀይሯል። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሐምዳይት በኩል ገቡ፤ ኡም ራኩባም ከዓመታት በኋላ ዳግም ስደተኛ ተቀበለ። በዚያው ጊዜ ገደማ በአልፋሽቃ ለም መሬት ላይ የሁለቱ አገሮች ጦር ተፋጠጠ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ስደቱ አቅጣጫ ቀየረ። የካርቱም ነዋሪ በገዳሪፍ አልፎ፣ ጋላባትን ተሻግሮ መተማ ገባ። ኩመርና አውላላ የተባሉ ጣቢያዎች ተከፈቱለት። እዚያም ዕረፍት አላገኘም፤ በታጠቁ ሰዎች ጥቃት ደርሶበታል። ገዳሪፍ ራሷ ከገዚራና ከሰናር የተፈናቀሉ ወገኖቿን ተሸክማለች። አባቶቻችን በችግራቸው ቀን በኡም ራኩባ ጥላ አግኝተው እንደነበር የምናስታውስ ከሆነ፣ ዛሬ መተማ ላይ ለቆመው ሱዳናዊ የምናደርገው ነገር ችሮታ ሳይሆን ብድር መመለስ ነው። ብድሩን በጥቃት የከፈለ ደግሞ የአባቱን ታሪክ ያላወቀ ነው።

በዚህ መከራ ውስጥም ርክክቡ ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም። ጦርነት ሜዳቸውን የነሣቸው የሱዳን ክለቦች ኤል ሂላልና ኤል ሜሪክ በሞሪታንያ ሊግ ገብተው ተወዳደሩ። የሱዳን ብሔራዊ ቡድን በአገሩ አንድ ጨዋታ ሳያደርግ ለእ.ኤ.አ. 2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ሜዳው ሲጠፋ ሥርዓቱ በሰዎች ውስጥ ተቀምጦ ከቆየ ሊድን ይችላል። የ1949ኙን ዘር የዘሩት ሰዎች ይህን ቢያዩ ድካማቸው ከንቱ አለመቅረቱን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ረጅም ታሪክ የምንወርሰው ሥራ አለን። ሜዳሊያ የማያውቀውን ቆላ በአንድ ዓመት የሻምፒዮን አገር እናድርገው ማለት ሳይሆን፣ የርክክቡን መንገድ በትዕግሥት መጥረግ ነው። ጦርነቱ ሲበርድ በመተማና በጋላባት፣ በጎንደርና በገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች መካከል የሚደረግ የእግር ኳስና የሩጫ ውድድር ሊኖር ይገባል፤ ይድነቃቸውና አብደል ሐሊም አህጉር ካቆሙ ልጆቻቸው አንድ የወሰን ዋንጫ ማቆም አያቅታቸውም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲ የሁለቱን ወገን ዘፈን፣ የአዛውንቱን ትዝታና የስደተኛውን ታሪክ የሚሰበስብ የጋራ የድምፅ ግምጃ ቤት ቢጀምሩ፣ የሚቀጥለው ትውልድ የራሱን ድምፅ ከፓሪስና ከበርሊን አይጠብቅም። በስደት ካምፕ ላለ ልጅ ከዳቦው ጋር ኳስና የሙዚቃ መሣሪያ ይቅረብለት፤ ተሰጥኦ የጦርነትን ማብቂያ ቆሞ አይጠብቅምና።

ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የላኩት የሰላም ቃል በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሳይደመጥ ቀረ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ግን በሌላ መልክ ተደመጠ፤ ፍሬውም ለአፍሪካ ሁሉ ደረሰ። እኛ የሁለቱም ወራሾች ነን። ከሁለቱ የትኛውን ለልጆቻችን እንደምናስረክብ የሚወስነው የተፈጥሮ ዕጣ አይደለም። በጋላባትና በመተማ መካከል የሚያልፈውን ሰው የምንቀበልበት አኳኋን፣ በየሰፈሩ ለምንተክለው ሜዳና ትምህርት ቤት የምንሰጠው ዓመት፣ ለጎረቤታችን ዜማ የምንከፍተው ጆሮ ነው።